ቤላ ሉጎሲን ያሰረው ድራኩላ ነው ወይስ ስቱዲዮው?

የመጋረጃ ሰው ጻፈ፦

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጥንት አስፈሪ ፊልሞች በተነሣ ቁጥር የተዋናዩ የቤላ ሉጎሲ ታሪክ በአንድ ዓይነት መንገድ ይተረካል። በ1931 ድራኩላ የተባለውን ደም መጣጭ በፊልም ተጫወተ፤ ከዚያ ወዲያ ተመልካች ሌላ ሰው አድርጎ ሊያየው አልቻለም፤ ገጸ ባህርዩ ኑሮውን ቀማው፤ በ1956 ሲሞትም የድራኩላን ካባ ለብሶ ተቀበረ። ይህ አተራረክ ያናድደኛል። ጥፋቱን በሕይወት በሌለ ጭራቅ ላይ ጥሎ ውሳኔ የወሰኑትን ሰዎች ነጻ ያወጣልና። የካባውንም ነገር እሱ አልተናዘዘም፤ ልጁና የልጁ እናት ናቸው የወሰኑት።

ሰውየው ማን እንደነበረ እናስታውስ። በ1882 ሉጎስ በምትባል፣ ያኔ በሃንጋሪ ዛሬ በሩማንያ ውስጥ ባለች ከተማ ተወለደ። የመድረክ ስሙንም ከከተማዋ ወሰደ። በቡዳፔስት ብሔራዊ ቲያትር ሠርቷል፤ በሕማማት ተውኔት ኢየሱስን ሆኖ ተጫውቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ቆስሏል። በ1919 አብዮት ወቅት ተዋንያንን በማኅበር ሲያደራጅ ስለነበር አብዮቱ ሲከሽፍ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በቪየናና በበርሊን በኩል አድርጎ አሜሪካ ገባ። በ1922 በኒው ዮርኩ የቲያትር ሰፈር በብሮድዌይ በእንግሊዝኛ ሲጫወት ቋንቋውን ገና አያውቀውም ነበር፤ ቃላቱን በድምፃቸው ሸምድዶ ነው የተወጣው። ይህን ያደረገ ሰው አንድ ሚና ብቻ የሚችል ተዋናይ ነው ቢሉኝ አልቀበልም።

ድራኩላን በብሮድዌይ መድረክ መጫወት የጀመረው በ1927 ነው፤ 261 ጊዜ ታየ። የሆሊውዱ ስቱዲዮ ዩኒቨርሳል ፊልሙን ለመሥራት ሲነሣ ግን የመጀመሪያ ምርጫው ሉጎሲ አልነበረም። ሚናውን እጅግ ስለፈለገው በሳምንት 500 ዶላር፣ ለሰባት ሳምንት በድምሩ 3,500 ዶላር ተስማማ። ፊልሙ ስቱዲዮውን በችግር ዘመን ደገፈው። እሱ ያገኘው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በዚያው በ1931 ፍሬድሪክ ማርች ዶክተር ጄኪልንና ሚስተር ሃይድን ተጫወተ። ጥርሱ ያገጠጠ፣ ፊቱ በፀጉር የተሸፈነ አስፈሪ ፍጡር ሆነ። ምን ደረሰበት? ኦስካር ተሸለመ። ከጦርነቱ በኋላ በሠራው ፊልም ደግሞ ሁለተኛውን ወሰደ። ክሎድ ሬይንስ በ1933 የማይታየውን ሰው ተጫውቶ በሆሊውድ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ለኦስካር ታጨ። ጭራቅ መጫወት ተዋናይን የሚያስር ከሆነ እነዚህ ሁለቱ እንዴት አመለጡ? ማርች ቀድሞም በፓራማውንት ስቱዲዮ ኮከብ ነበር። ሬይንስ የለንደን መድረክ ያሠለጠነው እንግሊዛዊ ነው። ሉጎሲ ግን ስደተኛ ነው፣ ገንዘብ የለውም፣ «አይሆንም» ለማለት የሚያስችል አቅም የለውም። የሚያስረው ጭምብሉ ሳይሆን ውሉ ነው እላለሁ። ምን ትላላችሁ?


ነጭ ሸማ መለሰ፦

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው፤ ድምዳሜህን ግን አልቀበልም። በመድረክ ሙያ ውስጥ ኖሬያለሁና ጉዳዩን ከተዋናዩ አካል አንጻር ልየው።

ማርች ሚስተር ሃይድን ሲጫወት ፊቱ በሜካፕ ተሸፍኗል። ሜካፑ ሲታጠብ ጭራቁም አብሮ ይሄዳል። ሬይንስማ እስከ ፊልሙ ፍጻሜ ፊቱ አይታይም፤ ተመልካች ያወቀው ድምፁን ነው፣ ያም ድምፅ ለማንኛውም ሚና የሚሆን ድንቅ ድምፅ ነበር። ሉጎሲስ? ፊልሙን እንደገና ተመልከቱት። ጥርስ አልተገጠመለትም፣ ፊቱ አልተለወጠም። ዓይኑ፣ እጁ፣ አቋቋሙ፣ በቃላት መካከል የሚያስገባው ዝምታ፣ ሁሉም የራሱ ናቸው። ድራኩላን የሠራው ከገዛ ሰውነቱ ነው። ስለዚህ በሌላ ሚና ሲመጣ ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ድምፅ ይዞ መጣ። ተመልካች ምን ያድርግ?

እኔም በወጣትነቴ በአንድ ተውኔት ጨካኝ እንጀራ አባት ሆኜ ስጫወት ገበያ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ከአጠገቤ ይስቡ ነበር። ማንም ስቱዲዮ አላዘዛቸውም። ሰው ባየው ያምናል። የሙያችን ኃይል ከዚህ ይመጣል፤ አደጋውም እንዲሁ።


ሰብለ መለሰች፦

ነጭ ሸማ፣ አባባልህ ለሉጎሲ ይሠራል። ካርሎፍን ግን ምን ልታደርገው ነው?

ቦሪስ ካርሎፍ በፍራንከንስታይን ፊቱ ጨርሶ የራሱ አልነበረም። የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ በየማለዳው ለሰዓታት ተቀምጦ ጥጥና ሙጫ እየደራረበ ያን ባለ ጠፍጣፋ አናት ፍጡር ይሠራበት ነበር። በፊልሙ መክፈቻ ላይ የተዋንያን ስም ሲወጣ በጭራቁ ትይዩ የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ነው። ሰውየው 44 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ በካናዳና በአሜሪካ የጉልበት ሥራ ሳይቀር እየሠራ ዓመታት ያሳለፈ፣ ብዙ ፊልም ላይ ታይቶ ማንም የማያውቀው ተዋናይ ነበር። በእውነተኛ ስሙ ዊልያም ሄንሪ ፕራት የተባለ የለንደን ልጅ ነው። እንዲህ በሜካፕ ተሸፍኖም ቢሆን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ «የአስፈሪ ፊልም ንጉሥ» ሆኖ ቀረ። እንግዲህ የፊት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ካርሎፍን የምወደው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ጭራቁን ሦስት ጊዜ ተጫወተ፤ በ1931፣ በ1935 እና በ1939። ከዚያ በቃኝ አለ። ፍጡሩ ወደ መሳቂያነት እያዘነበለ መሆኑን አይቶ ራሱ ተወው። ጭራቁን በክፉ ስሙን አንሥቶት ግን አያውቅም፤ እንጀራ የሰጠኝ ባለውለታዬ ነው እያለ ሲያመሰግነው ኖረ። በ1933 የፊልም ተዋንያን ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ የአባልነት ቁጥሩ 9 ነው። ያን ከባድ ጫማና ልብስ ለብሶ ረጅም ሰዓት የሠራ ሰው ስለ ሥራ ሰዓት ቢታገል ምን ይደንቃል?

በ1941 ደግሞ ወደ ብሮድዌይ ሄዶ በአንድ አስቂኝ ተውኔት ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ተጫወተ። ገጸ ባህርዩ ሰው የሚገድልበት ምክንያት «ቦሪስ ካርሎፍን ትመስላለህ» ስላሉት ነው! የታሰረበትን ስም ራሱ በመድረክ ላይ ተጠቀመበት፤ ተውኔቱ ከ1,400 ጊዜ በላይ ታየ፤ ካርሎፍም ለተውኔቱ ገንዘባቸውን ካዋሉት አንዱ ነበር። ያ ቲያትር ቤት ፉልተን ይባላል፤ ሉጎሲ በ1927 ድራኩላን የተጫወተበት ያው ቤት ነው።


ሩት ከሲልቨር ስፕሪንግ መለሰች፦

እናንተ ስለ ፊትና ስለ ውል ትከራከራላችሁ፣ እኔ ግን ስለ ንግግር ዘዬ ልናገር። እዚህ አሜሪካ በትንንሽ ተውኔቶች ለመሳተፍ ስሞክር ቆይቻለሁ። አማርኛ አፍ የፈታ ሰው እንግሊዝኛውን የቱንም ያህል ቢያውቅ የሚሰጠው ሚና ከአንደበቱ ይጀምራል። ነርስ፣ የታክሲ ሹፌር፣ ስደተኛ። ስለዚህ ሉጎሲን ሳይ ልቤ ይነካል።

ካርሎፍና ሬይንስ እንግሊዝኛ የእናታቸው ቋንቋ ነው። በድምፅ ፊልም ዘመን ሉጎሲ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር «ከሩቅ የመጣ» ነው። የሃንጋሪው ልጅ ፒተር ሎሪም እንዲሁ ሆኗል፤ በጀርመን በ1931 የሕፃናት ገዳይ ሆኖ ከታየ በኋላ ሆሊውድ ውስጥ ያን ጥላ አላመለጠም። ኮንራድ ፋይትን ደግሞ ተመልከቱ። በ1920 በጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም በእንቅልፍ ልቡ እየሄደ የሚገድል ሰው ሆኖ ዓለምን አስደነቀ። ሂትለር ሲነሣ አይሁዳዊት ሚስቱን ይዞ ተሰደደ። ሆሊውድ ምን ሰጠው? የናዚ መኮንን ሚና። በ1942 በካዛብላንካ ያንኑ ተጫወተ። የሸሻቸውን ሰዎች ልብስ ለብሶ ኑር ተባለ። ይህ ከጭራቅ ያነሰ እስር ነው?

ለክርክራችን ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነው ግን ካርሎስ ቪያሪያስ ነው። ዩኒቨርሳል ድራኩላን ሲሠራ ቀን ቀን ሉጎሲና ጓደኞቹ እየቀረጹ፣ ሌሊት ሌሊት በዚያው ቤትና ዕቃ ሌላ ቡድን በስፓኒሽ ይቀርጽ ነበር። ድራኩላ የሆነው ቪያሪያስ ነው። ሚናው አንድ፣ ደረጃዎቹ አንድ፣ ዓመቱ አንድ። ቪያሪያስ ከዚያ ወደ ሜክሲኮ ሲኒማ ሄዶ ለዓመታት ልዩ ልዩ ሚና ተጫወተ፤ ማንም ድራኩላ ብሎ አላሰረውም። በቋንቋው ለሚያዳምጠው ሕዝብ ይሠራ ነበርና።


የመጋረጃ ሰው መለሰ፦

ሩት፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የቪያሪያስ ነገር ሁሉንም ይለውጠዋል፤ ለነጭ ሸማም ከባድ ጥያቄ ነው። እሱም እኮ ያለ ጭምብል ነው የተጫወተው!

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ዋናው ማስረጃ ይህ ነው። ሉጎሲ በፊልም ድራኩላን ስንት ጊዜ የተጫወተ ይመስላችኋል? ሁለት ጊዜ ብቻ። በ1931 እና በ1948፣ ያውም ሁለተኛው ከሁለት ቀልደኞች ጋር የሠራው አስቂኝ ፊልም ነው። በመካከል ዩኒቨርሳል በ1943 ድራኩላን ለሎን ቼኒ ልጅ ሰጠ፤ በ1944ና በ1945 ለጆን ካራዲን ሰጠ። ልብ በሉ! «አንተ ድራኩላ ነህ» ብሎ ሌላ ሥራ የከለከለው ኢንዱስትሪ ድራኩላ ሲያስፈልግ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ተመልካች ሉጎሲን ብቻ ድራኩላ አድርጎ ያይ ነበር ከተባለ ስቱዲዮው በሌሎች እንዴት ሊተካው ደፈረ? ስሙ ለርካሽ ሥራ መጥሪያ ሆነ፤ ለሚናው ባለቤትነት ግን አልበቃም።

በ1936 የዩኒቨርሳል ባለቤቶች ተለወጡ፤ የብሪታንያ ሳንሱርም በአስፈሪ ፊልሞች ላይ ጠንክሮ ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል ሆሊውድ አስፈሪ ፊልም መሥራት አቆመ። ሉጎሲ ሥራ ፈታ፣ ቤቱን አጣ፤ በ1938 መጀመሪያ ልጁ ሲወለድ የሐኪም ቤት ወጪውን የከፈለለት የተዋንያን መረዳጃ ነው። በዚያ ዓመት ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የተቸገረ ሲኒማ ቤት ድራኩላንና ፍራንከንስታይንን አጣምሮ ቢያሳይ ሕዝቡ ተሰልፎ መንገዱን ሞላው። ሰልፉን ያየው ዩኒቨርሳል ወዲያው «የፍራንከንስታይን ልጅ» የተባለውን ፊልም ሊሠራ ተነሣ። ሉጎሲን ሲጠራው መቸገሩን ስላወቀ በቀነሰ ክፍያ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ዳይሬክተሩ ሮላንድ ሊ ይህን ሲሰማ ተናድዶ ቀረጻው እስኪያልቅ ሥራ ላይ እንዲቆይ አደረገው። በዚያ ፊልም የተጫወተው ኢጎር አንገቱ በስቅላት የተሰበረ፣ ጢሙ የተንጨባረረ፣ ተንኮለኛና አሳዛኝ ሰው ነው። ከድራኩላ ጋር የሚያገናኘው አንድም ነገር የለም። የተሻለ ሥራ ስጡትና ምን እንደሚያደርግ እዩ!


የቪዲዮ ዘመን መለሰ፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ አነበብኩ። እነዚህን ፊልሞች ያየኋቸው አዲስ አበባ ውስጥ የቪዲዮ ካሴት ኪራይ ቤቶች በየሰፈሩ በነበሩበት ጊዜ ነው። ምስሉ ተበላሽቶ ድምፁ እየቆረጠም ቢሆን እንመለከት ነበር። እናንተ ሁሉ የዘነጋችሁት ሰው ግን አለ፤ ሎን ቼኒ ልጅ።

የዚህ ሰው እስር ከስሙ ይጀምራል። ሲወለድ ክሬይተን ነበር። አባቱ ሎን ቼኒ በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን በሺህ ፊት የሚታወቅ ታላቅ ተዋናይ ነበር፤ በ1930 ሲሞት ልጁ ወደ ፊልም ገባ። በራሱ ስም ሊሠራ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ፕሮዲዩሰሮች ገፋፍተውት የአባቱን ስም ወሰደ። ማስታወቂያ ላይ የሚሸጠው የሟቹ ስም ነውና። ክሬይተን የሚባለው ሰው ጠፋ።

በ1939 በአንድ ፊልም ሌኒ የተባለውን፣ ጉልበቱን የማያውቅ የዋህ ግዙፍ ሠራተኛ ሲጫወት አይታችሁታል? ካላያችሁት እዩት። እንዲያ ያለ የሚያስለቅስ ትወና ያሳየ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የተሰጠው የተኩላ ሰው ሆነ። እሱንም ከልቡ ተጫወተው፤ ሳይፈልግ ወደ አውሬነት የሚለወጠውንና ሞትን የሚለምነውን ያን ሰው ሳየው ዛሬም ያሳዝነኛል። በአምስት ፊልም የተጫወተው እሱ ብቻ ነው፤ ለሌላ አልሰጠም፤ ልጄ ነው ይል ነበር። ስቱዲዮው ግን እዚያ አላቆመም። የፍራንከንስታይንን ጭራቅ አደረገው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የግብፅ ሬሳ አደረገው፣ ድራኩላ አደረገው። አራቱንም ለዩኒቨርሳል የተጫወተ ሌላ ተዋናይ የለም። በ1952 ግን በአንድ ዝነኛ የካውቦይ ፊልም ጡረታ የወጣ፣ እጆቹ በቁርጥማት የተያዙ የሕግ አስከባሪ ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ይታያል። እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ምን እንደጠፋብን ያሳያሉ።

የመጋረጃ ሰው፣ ሃሳብህን እደግፋለሁ። ቼኒ ስደተኛ አልነበረም፣ የንግግር ዘዬም አልነበረበትም፤ ሆኖም ታሰረ። ያሰሩት ግን ሰዎች ናቸው።


ነጭ ሸማ መለሰ፦

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ስለ ሌኒ ያሉት ትክክል ነው።

ነገር ግን ስለ ሎን ቼኒ ልጅ የጻፉት የእኔንም ሃሳብ ያጠናክራል። ልጄ ነው ብሎ ሚናውን ለሌላ ያልሰጠው እኮ ራሱ ነው። ሉጎሲም ያንን ሚና ፈልጎ ነው የተከተለው። ተዋናይ በአንድ ሚና ውስጥ ራሱን ሲያገኝ ሚናውን መልቀቅ ይከብደዋል። ይህን ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ቢረዳው ደስ ይለኛል፤ ሚና ሥራ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሙሉ ሆኖ የታየበት ቦታ ነው።

ይሁንና ስለ አንድ ተዋናይ ሳስብ እኔም ከእናንተ ጋር እቆጣለሁ። ድዋይት ፍራይን ታስታውሱታላችሁ? በድራኩላ ዝንብና ሸረሪት የሚበላውን እብድ ሬንፊልድን፣ በፍራንከንስታይን ደግሞ ጎባጣውን ረዳት ፍሪትዝን የተጫወተው እሱ ነው። ሁለቱም በ1931። የሬንፊልድ ሳቅ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ሲመጣ ከራሱ ከድራኩላ ይበልጥ ያስፈራል። ይህ ሰው በ1920ዎቹ በብሮድዌይ በአስቂኝ ተውኔቶች ሳይቀር የተመሰገነ ነበር። ከ1931 በኋላ ግን እብድ፣ ረዳት፣ ሰላይ፣ አንዳንዴ ስሙም የማይጻፍ ገጸ ባህርይ ብቻ። በጦርነቱ ጊዜ ሌሊት ሌሊት በአውሮፕላን ፋብሪካ የመሣሪያ ንድፍ ይሠራ ነበር። በ1943 ስለ ፕሬዝዳንት ዊልሰን በሚሠራ ትልቅ ፊልም የጦር ሚኒስትሩን እንዲጫወት ተመረጠ። ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቀው ሚና ነው። ቀረጻው ሳይጀመር በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አውቶቡስ ውስጥ ልቡ ቆመ። ዕድሜው 44 ነበር።


ብርሃን መለሰች፦

ሴቶቹስ? የፍራንከንስታይን ሙሽራ የሆነችው ኤልሳ ላንቼስተር በ1935ቱ ፊልም በዚያ ፀጉር የምትታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ሆኖም ከፊልሙ ሁሉ የሚታወሰው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ለኦስካር ታጨች፤ በአንደኛው ጎልደን ግሎብ አሸነፈች። ስቱዲዮው ሙሽራዋን ደጋግሞ ቢያመጣት ኖሮ እሷም ታስራ ትቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ተከታታይ ፊልም አለመሠራቱ አዳናት።


ዳኛው መለሰ፦

ብርሃን፣ ጥሩ ነጥብ ነው። እኔ በሕግ በኩል ልግባ፤ የመጋረጃ ሰው «ውሉ ነው» ያለው ከፊልም ቤት አልፎ ፍርድ ቤት ደርሷልና።

ሉጎሲ ከሞተ በኋላ ዩኒቨርሳል የድራኩላን መልክ ለመጫወቻ፣ ለልብስና ለመሳሰሉት ሸቀጦች ፈቃድ እየሰጠ ይሸጥ ጀመር። መልኩ ደግሞ የሉጎሲ ፊት ነው። ልጁ ቤላ ሉጎሲ ትንሹና የሟቹ ሚስት በ1960ዎቹ ስቱዲዮውን ከሰሱ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነው፤ አባቴ በ1930 የፈረመው ፊልም ለመሥራት ነው፤ ፊቱን ለዘላለም አልሸጠም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ይግባኝ ተባለ። በ1979 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወሰነባቸው፤ ሰው በስሙና በመልኩ የመጠቀም መብቱ የግሉ ነው፣ በሕይወቱ ካልተጠቀመበት ለወራሽ አይተላለፍም በማለት። የፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ሮዝ በርድ ሃሳባቸውን በተቃውሞ አሰፈሩ።

ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች ከ1985 ጀምሮ የታዋቂ ሰው መልክና ስም ለወራሾቹ እንዲተላለፍ ሕግ አወጡ፤ መጀመሪያ ለ50 ዓመት፣ በኋላ ለ70። ልጁም ጠበቃ ሆኖ ለዚህ መብት ሲሟገት ኖሯል። እንግዲህ ነጭ ሸማ ትክክል ከሆነ፣ ማለትም ሉጎሲ ድራኩላን ከገዛ ሰውነቱ ከሠራው፣ ያ ሰውነት የማን ነው? ስቱዲዮው ሉጎሲን ለሥራ ሲቀጥር «አንተ ድራኩላ ነህ» አለ፤ ወራሾቹ ሲጠይቁ ደግሞ «ድራኩላ የእኛ ነው» አለ። ሁለቱንም ጊዜ ያተረፈው አንድ ወገን ነው።


ሰብለ መለሰች፦

ዳኛው፣ ይህን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ።

እንግሊዛዊ ሆኖ፣ ቋንቋ ሳይቸግረው፣ አቅምም ኖሮት የታሰረ ሰው ላምጣ፤ ክሪስቶፈር ሊ። በ1957 ለእንግሊዙ የፊልም ኩባንያ ለሃመር የፍራንከንስታይንን ፍጡር፣ በ1958 ድራኩላን ተጫወተ። ከዚያ ለዓመታት ካባውን አልለበሰም። ሲመለስ በ1966 ነው፤ በዚያ ፊልም አንዲት ቃል አይናገርም። እሱ የተጻፈልኝ ንግግር የማይረባ ስለነበር አልናገርም አልኩ ይላል፤ ጸሐፊው ደግሞ ከመጀመሪያውም ምንም አልጻፍኩለትም ብሏል። ለማንም ብንፈርድ፣ እንዲያ ያለ ድምፅ ይዞ ዝም የተባለ ተዋናይ ማየት ያሳዝናል። እስከ 1973 ድረስ ለሃመር ሰባት ጊዜ ድራኩላ ሆነ። ደጋግሞ እንደተናገረው አልመለስም ሲል ፊልሙ አስቀድሞ በስሙ መሸጡን እየነገሩ፣ እምቢ ካልክ ስንት ሠራተኛ እንጀራ ያጣል እያሉ ይለምኑት ነበር።

በ1970ዎቹ አጋማሽ አገሩን ትቶ አሜሪካ ሄደ። ይህንን ያደረገው ከዚህ ሚና ለመሸሽ ነው። በአደጋ ፊልም ተጫወተ፣ በቴሌቪዥን አስቂኝ ፕሮግራም መራ። በ1998 የፓኪስታንን መሥራች ሙሐመድ አሊ ጂናን ተጫወተ፤ ከሥራዎቼ ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው ይል ነበር። ወጣቶች በነጭ ጺሙ ጠንቋይነት ያወቁት ከ70 ዓመት ዕድሜው በኋላ ነው። በ2015 ሲሞት ግን ብዙ ጋዜጣ ርዕስ ላይ ያወጣው ድራኩላን ነው።


የመጋረጃ ሰው መለሰ፦

ሰብለ፣ የሊ ታሪክ ለእኔም ለነጭ ሸማም ይሆናል። ልዩነቱ ግን ሊ መሄድ መቻሉ ነው። ገንዘብ ነበረው፣ ብዙ ቋንቋ ይናገር ነበር፣ ዕድሜም ሰጠው።

ሉጎሲ ከ1948 በኋላ የት ይሂድ? ከጦርነቱ ቁስል ጋር በተያያዘ የነርቭ ሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ሱሰኛ ሆኖ ነበር። በ1955 በ72 ዓመቱ ኖርዎክ ወደሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል በገዛ እግሩ ገብቶ አክሙኝ አለ። በዚያ ዘመን አንድ የፊልም ሰው ሱሱን በአደባባይ ተናግሮ እንዲህ ማድረጉ ድፍረት ነው። ለምን ይህን ድፍረት አናነሣለትም? ስለ እሱ የሚወራው ከዳይሬክተሩ ከኤድ ዉድ ጋር የሠራቸው ርካሽ ፊልሞች ብቻ ናቸው። በ1994 ስለዚያ ጊዜ በተሠራው ፊልም ሉጎሲን የተጫወተው ማርቲን ላንዳው ኦስካር ወሰደ። ሉጎሲ ራሱ ለኦስካር ታጭቶ አያውቅም።


ሩት ከሲልቨር ስፕሪንግ መለሰች፦

አዲስ ተመልካች ከየት ይጀምር ብትሉኝ ከድራኩላ አልጀምርም። ሉጎሲ በ1939 ከግሬታ ጋርቦ ጋር በሠራው ኒኖችካ ውስጥ የሶቪየት ኮሚሳር ሆኖ ይታያል። ለአጭር ጊዜ ነው። ካባ የለም፣ ጭጋግ የለም፤ ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ ቀጥ ያለ ባለ ሥልጣን ነው፣ ያው የንግግር ዘዬው ለሚናው ልክ ሆኖ ገብቷል። ነጭ ሸማ፣ ይህንን አይተህ ድራኩላን ታያለህ?


ነጭ ሸማ መለሰ፦

አይቼዋለሁ፤ ድራኩላን አላየሁም። ይህን እቀበላለሁ።

ሉጎሲ በተጫወተበት በሌላው የ1943 ፊልም ግን ሌላ ነገር አየሁ። በ1931 ያልተጫወተውን የፍራንከንስታይንን ጭራቅ በ60 ዓመቱ ተጫወተ። በድርሰቱ መሠረት ጭራቁ ዓይነ ስውር ነው፣ ይናገራልም። ስቱዲዮው ንግግሩን ሁሉ ቆርጦ ጣለው፤ ዓይነ ስውርነቱን የሚገልጸውም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ተመልካች የሚያየው እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚደናበር ሽማግሌ ነው፤ ለምን እንደሚደናበር አይገባውም፤ ትወናው መጥፎ ነው ብሎ ይፈርዳል። እኔም ለብዙ ጊዜ ሳየው አዝኜበት ነበር። ተዋናዩ ግን ትክክል ነው የተጫወተው፤ ዓይነ ስውር ሰው ነበር የሚጫወተው። በዚህኛው ፊልም ላይ ክርክርህን ወስጃለሁ፣ የመጋረጃ ሰው። ስለ 1931ዱ ግን አቋሜ ያው ነው፤ ያን ድራኩላ ሰባት ሳምንት የሚከፍል ስቱዲዮ አልሠራውም፤ ሉጎሲ ነው የሠራው። ለዚያም ነው እስከ ዛሬ ሕፃናት ድራኩላን ሲመስሉ በሃንጋሪ ዘዬ የሚናገሩት።